በእርጥብ ቁርና በደረቅ ቁር፤ የደብረ ታቦርና የጉና ዙሪያ በዓላት ዳሰሳ

በምድር ሰሜናዊ አድማስ የሚኖሩ ሕዝቦች፣ የበረዶው ወራት ሲጸናባቸው ከምድጃ ዳር ተቀምጦ የፀሐይን መመለስ መጠባበቅ ስለ ሰለቻቸው፣ በረዶውን ራሱን የደስታቸው መሣሪያ አድርገው አደባባይ መውጣትን ከለመዱ ቆይተዋል። በጃፓን በሳፖሮ ከተማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም.፣ የትምህርት ቤት ልጆች በኦዶሪ መናፈሻ ስድስት የበረዶ ሐውልት ቀርጸው ያቆሙበት ጨዋታ ዛሬ ከሩቅ አገር ሰው የሚጠራ ታላቅ ትርኢት ሆኗል፤ የካናዳይቱ ኩቤክም በ1894 የሞከረችውን ካርኒቫል፣ ሲቋረጥና ሲነሣ ከቆየ በኋላ፣ ከ1955 ወዲህ የዓመት ልማድ አድርጋዋለች። የሀገር ጉብኝትን ነገር የሚያስቡ ወገኖቻችን ይህን አይተው፣ የኢትዮጵያም ደጋ የብርድ ወራት በዓል ሊኖረው ይገባል ሲሉ ይሰማል። በዓሉስ ከጥንት አለ፤ ሊመረመር የሚገባው ብርዳችን እንደምን ያለ ብርድ እንደ ሆነና ሕዝቡን እንዴት ሰብስቦ እንዴት እንደሚበትነው ነው። ለዚህ ምርመራ ደግሞ በዓሉና ከተማው በአንድ ስም ከሚጠሩበት ከደብረ ታቦር፣ ከጉናም ተራራ ዙሪያ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

በተራሮቻችን በረዶ መታየቱ የቅርብ ወሬ አይደለም። ኮስማስ የተባለው ተጓዥ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ከድንጋይ ላይ ገልብጦ ያቆየልን የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ጽሕፈት፣ ንጉሡ የዘመተበትን የሰሜንን ተራራ ሲገልጥ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደ ነበረበት ይመሰክራል። ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና ግን፣ ጅብራና ጓሳ የለበሰ ራሱን የሚያነጣው በአብዛኛው ከክረምት ነጎድጓድ ጋር የሚወርደው በረዶ ነው፤ ይህንንም በረዶ የፋርጣና የጋይንት ገበሬ የሚመለከተው በሐውልት ጠራቢ ዓይን አይደለም። ለእርሱ በረዶ የቆመ ገብስ የሚያስተኛ፣ ያበበ ባቄላ የሚያረግፍ፣ የልጆቹን የዓመት ቀለብ በአንዲት ሰዓት የሚወስድ መቅሠፍት ስለ ሆነ፣ በጸሎትና በምሕላ የሚመለስ እንጂ በዘፈንና በጭፈራ የሚቀበሉት እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የሳፖሮን ትርኢት ቀድቶ ወደ ጉና ላምጣ የሚል ሰው ቢነሣ፣ አስቀድሞ ከባላገሩ ጋር ቢመክር ይሻለዋል።

በዚህ ደጋ ብርድ በሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆየው፣ ከጉምና ከጭቃ፣ ከማያባራ ዝናም ጋር የተዋሐደው እርጥብ ቁር ነው፤ ሁለተኛው ሰማይ ጠርቶ ምድር ሲደርቅ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱን በውርጭ የሚያነጣው፣ ቀኑን ግን ለፀሐይ የሚለቀው ደረቅ ቁር ነው። እርጥቡ ቁር ሕዝብን ይለያያል። ከጉና የሚፈልቁት ርብና ጉማራ ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ የፎገራ ሜዳ በውኃ ይተኛል፤ በተራራው ማዶ ያሉት ወንዞች ወደ ተከዜ ሲንደረደሩ በጋይንት ሸለቆዎች መንደር ከመንደር ይቆረጣል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ታቦር ይልቁንም ከ3,000 ሜትር በማታንሰው በነፋስ መውጫ የክረምት ሰው ባናውን ተከናንቦ ከምድጃው አይርቅም። ደረቁ ቁር በአንጻሩ መንገድ ይከፍታል፤ ወንዙ ይጎድላል፣ እህሉ ይወቃል፣ ፈረሱ ይሰባል፣ ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል። የበዓላቱም ጠባይ በዚሁ ልክ ሁለት ሆኗል፤ የክረምቱ በዓል በየደጃፉ እየዞረ የሚከበር የአጥቢያ በዓል ሲሆን፣ የበጋው በዓል ብዙ አጥቢያ በአንድ ሜዳ የሚገናኝበት የጉባኤ በዓል ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚፈልቅ ነው።

ሊቃውንቱም ክረምትን እንደ አንድ ወጥ ዘመን አልተዉትም። በዜማው ሥርዓት ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል፤ በውስጡም የዘርና የደመና፣ የመብረቅና የነጎድጓድ፣ የቍራ ግልገሎችና የደሴቶች፣ የጎሕና የጽባሕ፣ የፍሬና የመስቀል ተብሎ በየክፍሉ የየራሱ ምስጋና ተመድቦለታል። የዚህ ዜማ ታላላቅ ምስክር ቤቶች ከዚሁ ከጉና ዙሪያ ብዙ ሳይርቁ ይገኛሉ፤ የድጓው ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ምስክር ዙር አምባ፣ ሁለቱም በጋይንት ምድር ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ በጠባብ ጎጆ ውስጥ ጭስና ብርድ እየተፈራረቁበት የዝናምን ዜማ በዝናም ውስጥ የሚቀጽለው ተማሪ፣ የክረምትን በዓል ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የክረምቱ በዓላት ራስ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ደብረ ታቦር፣ በሕዝቡ አጠራር ቡሄ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ አድርጋ ትቈጥረዋለች፤ ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጥቶ፣ ሙሴና ኤልያስ በተገኙበት ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን መታሰቢያ ነው። በቅኔ ማሕሌቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆመው ማሕሌት፣ መዝሙረኛው ታቦርንና አርሞንኤምን በአንድነት ለደስታ የጠራበት ቃል የሚሰበክበት ቅዳሴ፣ ይህ ሁሉ የካህናቱ ድርሻ ነው። የሚያስደንቀኝ ግን በዓሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወጥቶ ወደ መንደር ሲገባ፣ ለመኳንንቱም ለሽማግሌዎቹም ሳይሆን በቀጥታ ለእረኞች መሰጠቱ ነው።

ትውፊቱ እንዲህ ይላል። ብርሃኑ በተራራው ላይ በተገለጠ ጊዜ በዙሪያው ከብት ይጠብቁ የነበሩ ልጆች ሌሊት መሆኑ አልታወቃቸውምና ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ለልጆቻቸው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ችቦው ከዚያ፣ ሙልሙሉም ከዚያ መጣ ይባላል፤ የጅራፉ ጩኸት ደግሞ ከደመናው ውስጥ የተሰማው የአብ ድምፅና ደቀ መዛሙርቱን በግንባራቸው የደፋቸው ድንጋጤ ምሳሌ ነው ብለው ሊቃውንቱ ይተረጕሙታል። ይህን ትርጓሜ የሚነቅፍ አይጠፋም፤ ጅራፍ የእረኛ መሣሪያ ስለ ሆነ በዓሉ ከመምጣቱ በፊትም ሲጮኽ ኖሯል፣ ትርጓሜው የኋላ ልባስ ነው የሚል አሳብ ሊሰነዘር ይችላል። ይህ ክርክር ብዙ ፍሬ ያለው አይመስለኝም። ጅራፉ ከእረኛው እጅ ተወስዶ ምሥጢር የሚነገርበት መሆኑ፣ ሃይማኖቱ በዚህ ደጋ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል እንጂ የማንንም ክብር አይቀንስም።

ልጆቹ ጅራፋቸውን ከቃጫ ወይም ከልጥ ገምደው፣ ነሐሴ ከመግባቱ ጀምሮ በየጉብታው ያጮኹታል። በጉም በተሸፈነ ተራራ ላይ ሰው ከሰው በማይተያይበት ወራት፣ የአንዱ ቀበሌ እረኛ የሌላውን መኖር የሚያውቀው በዚህ ድምፅ ነው፤ ማዶ ያለው መልሶ ያጮኻል፣ የማን ጅራፍ ይበልጥ እንደ ጮኸም ወንዝ ሳይሻገሩ ይፈራረዳሉ። የውኃ ሙላት ለለያያቸው መንደሮች ከዚህ የተሻለ መገናኛ ምን ሊፈጠር ይችል ነበር? ውሎ አድሮ ተገናኝተው በጅራፍ የሚገራረፉበትም ቦታ አለ፤ እናቶች ይህን አይወዱትም፣ አባቶች ግን የሚከለክሉ መስለው ከጥግ ቆመው ማየታቸው የታወቀ ነው።

በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ ችቦው ይለኮሳል፤ ልጆቹም ዱላቸውን ይዘው በየቤቱ ደጃፍ እየቆሙ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አንድ አውራጅ ያወርዳል፣ የቀሩት ዱላቸውን በመሬት ላይ በአንድነት እየመቱ ይቀበሉታል። አውራጁ የቤቱን ጌታ በስሙ እየጠራ ሲያሞግሰው፣ ሲያሽሟጥጠውም፣ ስጦታው እስኪወጣ ሲያስጨንቀው፣ በሌላ ቀን ቢደረግ በጥፊ የሚያስመታ ድፍረት በዚያች ሌሊት ግን ይፈቀድለታል። ባለቤቲቱ ሙልሙሉን ስትሰጥ ጨዋታው ወደ ምርቃት ይለወጣል፤ ከብቱ እንዲረባ፣ ልጁ እንዲያድግ፣ ለከርሞ በደኅና እንዲያደርሳቸው መርቀው ወደሚቀጥለው ደጃፍ ያልፋሉ። የክርስትና አባትና እናትም ለክርስትና ልጆቻቸው ሙልሙል ማዘጋጀታቸው የዚሁ ሥርዓት ክፍል ነው።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ዳቦው የሚሰጥበት ወራት ነው። ነሐሴ በደጋው የጎተራ ታች የሚታይበት ጊዜ ነው፤ የአምናው ገብስ አልቋል ወይም ሊያልቅ ተቃርቧል፣ የዘንድሮው ገና ለምለም ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ድንች ያለው ቤት ራሱን እንደ ባለጸጋ ይቈጥራል። በዓሉ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ መካከል ስለሚውልም ሥጋና ቅቤ የለበትም፤ የፋርጣ በግ በዚህ በዓል ባለጠጕር ጌጥ ሆኖ በሜዳው ላይ ይውላል እንጂ ወደ ድስት አይገባም። ዓመቱን ሙሉ ከትርፉ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፤ ከጥቂቱ ከፍሎ ለጎረቤት ልጅ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። የኩቤክ ካርኒቫል ሰው ከሞላ ጎተራ በኋላ የሚደሰትበት ነው፤ የደብረ ታቦሩ በዓል በባዶ ጎተራ ደፍ ላይ ይከበራል። ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚለው ብሂልም ዝናሙ በማግስቱ እንደማይቆም እያወቀ የተነገረ የደጋ ሰው ተስፋ ነው።

ከእረኞቹ ጎን የአብነት ተማሪዎች በዓሉን የራሳቸው አድርገው ይዘውታል። ዓመቱን በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለዕለት ጉርሳቸው ሲለምኑ የኖሩት ተማሪዎች፣ ለደብረ ታቦር ከየመንደሩ እህል ሰብስበው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ጋግረው፣ መምህራቸውንና የመንደሩን ሰው ይጋብዛሉ፤ መምህር ደቀ መዛሙርቱን ወደ ተራራ ወስዶ ምሥጢር የገለጠበት ቀን የተማሪ በዓል ቢሆን የሚገባ ነው ይላሉ። በዚያን ቀን የተለመደው ሥርዓት መገልበጡን እወድለታለሁ፤ ለማኙ ይጋብዛል፣ መጽዋቹ ይጋበዛል።

የከተማዪቱን ታሪክ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን የሕፃናት በዓል የያዘችው ደብረ ታቦር ከመቶ ከሚበልጥ ዓመት በፊት የመሳፍንትና የነገሥታት መቀመጫ እንደ ነበረች አይዘነጋም። ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተማ አደረጓት፤ ከልጆቻቸው አልፎ እስከ ልጅ ልጃቸው እስከ ራስ ዓሊ የየጁ መሳፍንት ተቀምጠውባታል። የግብርና የድል አድራጊነት በዓል በዚያ ዘመን ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ የ1834 ዓ.ም. የደብረ ታቦር ጦርነት ያስረዳል፤ የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ድል አድርገው በድንኳናቸው ግብር ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ ከራስ ዓሊ ወገን በሆኑ መኳንንት ድንገት ተይዘው ድላቸው በማዕዱ ላይ ጠፋ። ዐፄ ቴዎድሮስም ከከተማዪቱ አጠገብ በጋፋት በፈረንጆች ባለእጆች ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን በ1859 ዓ.ም. ካስወረዱ በኋላ ወደ መቅደላ ጉዞ የተነሡት ክረምቱ አልፎ በ1860 መጀመሪያ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሸክም በክረምት ጭቃ የሚንቀሳቀስ አይደለምና የነገሥታቱም ኃይል ለእርጥቡ ቁር ይገዛ ነበር። ሲነሡም ከተማዪቱን አቃጥለው ሄዱ። ዐፄ ዮሐንስ ደግሞ በኋላ በዚሁ በደብረ ታቦር ከትመዋል። ነገሥታቱ ግብራቸውን ይዘው አለፉ፤ በዋዜማው ደጃፍ የሚያንኳኳው ልጅ ቀረ።

ከቡሄ ሦስት ቀን በኋላ ፍልሰታ ሲፈታ፣ በላስታና በዋግ በኩል ተራው የልጃገረዶች ይሆናል፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ ይባላል። ቄጤማ መሰሉን ሣር በወገባቸው አስረው፣ በየቤቱና በየአደባባዩ እየዞሩ ይጫወታሉ። እነዚህ በዓላት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰቆጣና በላሊበላ መድረክ ላይ ገነው ስለሚታዩ ብዙ ተጽፎባቸዋል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ የወንዱ በዓል በጾም፣ የሴቱ በዓል በፍስክ መዋሉ፣ ጅራፍና ከበሮ በሳምንት ውስጥ ተቀባብለው ክረምቱን ወደ ፍጻሜው መንዳታቸው፣ ሁለቱ በአንድ ዐሳብ የተሠሩ በዓላት መሆናቸውን የሚያሳይ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ እንቁጣጣሽና መስቀል ይመጣሉ። መስቀል ግማሽ ፊቱ ወደ ክረምት፣ ግማሽ ፊቱ ወደ በጋ ነው፤ ደመራው በየአጥቢያው ይቆማል፣ ነገር ግን አደይ ሲፈነዳ መንገዱም መድረቅ ጀምሯልና ሕዝቡ ሰፋ ብሎ ይሰበሰባል።

ደረቁ ቁር ከገባ በኋላ ያሉት በዓላት በሰፊው የታወቁ ናቸው። በገና፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጎረምሶች በታጨደ ማሳ ላይ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩሩን ይለጋሉ፤ ጌታና ሎሌ ሳይለይ የሚጋጠሙበት መሆኑ ከቡሄው አውራጅ ድፍረት ጋር ይዛመዳል። የጥምቀት ዋዜማ ግን ብርድን ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ሌሊት ነው። በከተራ ታቦታቱ ወርደው በጥምቀተ ባሕሩ ዳር ያድራሉ፤ ካህናቱና ምእመናኑም በጥር ውርጭ መካከል፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እሳት ዙሪያ እየተጠጋጉ እስከ ጎሕ ይቆያሉ። ሕዝቡ ከብዙ አጥቢያ የሚመጣው፣ ፈረስ የሚጋለበው፣ ጉግሡ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። በአገው ምድር በእንጅባራ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚያሳየው የፈረስ ሰልፍም የዚሁ የደረቅ ቁር በዓል ወንድም ነው፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የቆመ ሲሆን፣ በዐድዋ ዘመቻ ፈረሶች የዋሉትን ውለታ ያስታውሳል። እንዲህ ያለ ትርኢት በነሐሴ ጭቃ ላይ የሚታሰብ አይደለም።

በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የቅርስ መዝገብ መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። ሁለቱም ሕዝብ በአንድ አደባባይ የሚሰበሰብባቸው፣ ከሩቅ የሚታዩ፣ ለሥዕል የሚመቹ በዓላት ናቸው። በየደጃፉ ተበትኖ የሚከበረው የክረምት በዓል ግን አንድ ዓይን ሊያየው የሚችል አንድ ስፍራ የለውምና ለእንዲህ ያለ መዝገብም ለጎብኚም አስቸጋሪ ነው። ይህን ችግር ለመፍታት ይመስላል፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የከተማዪቱ አስተዳደርና የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ቡሄን በደብረ ታቦር እናክብር እያሉ እንግዳ የሚጠሩት፤ መድረክ ይሠራል፣ የጅራፍ ውድድር ይደረጋል፣ ሆያ ሆዬው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ቻይናውያን የሠሩት የወረታና የወልዲያ መንገድ ባይኖር ኖሮ ይህ በክረምት ልብ የሚሞከር ነገር አልነበረም።

ጥረቱን አልነቅፍም። እንግዳ የሚያድርበት ቤት፣ ሙልሙል የምትሸጥ እናት፣ ባና የሚሸጥ ሸማኔ ይጠቀሙበታል፤ በከተማ ያደገውም ልጅ ጅራፍ መግመድን የሚያይበት ሌላ ቦታ የለውም። ነገር ግን መድረኩ የበጋውን በዓል ሥርዓት ለክረምቱ በዓል ማልበሱን ማስተዋል ያስፈልጋል። በመድረክ ላይ አውራጁ የሚያሞግሰው ባለሥልጣንን ነው፤ የሚያሽሟጥጠው ሰው የለም፣ ሙልሙል ይዛ የምትወጣ ባለቤት የለችም፣ ምርቃቱም የሚያርፍበት ቤት የለውም። ልጆቹም ከየቀበሌያቸው ተመርጠው ወደ ከተማ ሲመጡ፣ በቀበሌያቸው ያለችው አሮጊት የጋገረችው ዳቦ የሚለምነው አጥቶ ያድራል።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገብቶ ወደ ደብረ ታቦር በተቃረበ ጊዜ፣ በጉና ግርጌ ያለው ሕዝብ የሰማው የጅራፍ ሳይሆን የከባድ መሣሪያ ድምፅ ነበር። ከዚያም ወዲህ በክልሉ የነበረው ግጭት ከከተማ ወደ ከተማ መጓዝን ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ አድርጎታል። እንግዳን በመጥራት ላይ ብቻ የቆመ በዓል መንገድ በተዘጋ ቁጥር መቅረቱ አይቀርም፤ በደጃፍ ላይ የቆመው ግን ሙልሙል የሚጋግር አንድ ቤትና ዱላ የያዙ ሦስት ልጆች ካሉ ይከበራል።

ስለዚህ አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ትንሽ ነገር ነው። የመድረኩ ትርኢት ከዋዜማው ሌሊት ተነሥቶ፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በነሐሴ 13 ከሰዓት ይሁን፤ የነሐሴ 12 ማታ ለየመንደሩ ይተው። ጎብኚም ከመጣ፣ በወንበር ላይ ከሚያስቀምጡት፣ አንድ ቤተሰብ ዘንድ አሳድረው፣ ልጆቹ ሲመጡ ሙልሙሉን በእጁ እንዲሰጥ ቢያደርጉት፣ የአውራጁ ሽሙጥም እርሱን ጭምር እንዲደርሰው ቢፈቅዱ፣ ከየትኛውም የበረዶ ሐውልት ይልቅ የደጋውን ክረምት ያየ ሰው ሆኖ ይመለሳል።